አራት ባትሪ ሞቶ ለቅሶ የደረስኩበት መንገድ

ወንዛዬ ፍል ውሃ ጉልበታችንን ልንዘፈዝፍ ስንገናኝ ሁላችሁም «እሜቴ ጥሩ፣ ያ የደብረ ታቦሩ ለቅሶ እንደምን ሆነ?» ትሉኛላችሁ። ለአንዷ ስጀምር ሌላዋ ትመጣለች፤ ለእሷ ከራሱ ስጀምር የፊተኛዋ ተለቃልቃ ትሄዳለች። እስከ መጨረሻው የሰማችኝ የለችም። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት፤ ያነበበ ላላነበበው ይንገር። ፊደል የለቀምኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ነፍሳቸውን ይማረውና ባለቤቴ ዳዊት ሲደግሙ በጎናቸው ጥጥ እየፈተልኩ ነው። የተዛነፈ ፊደል ብታዩ እንዝርቱ ነው ያዛነፈው።

ነገሩ የጀመረው እዚያው ፍል ውሃው ላይ ነው። እግሬን ነክሬ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ። የልጅ ልጄ እናኑ ናት፣ ደብረ ታቦር ከፍተኛ ትምህርት ላይ ያለችው።

«እምዬ…» አለች። «ሞቱብኝ። አራቱም ሞቱብኝ። አንድ ብቻ ቀረኝ።»

«እነማን ናቸው፣ ልጄ?» ስል ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ያቺ መልኳን አይተን የማናውቃት ሴትዮ ናት የምታነሳው። እናኑን አታገናኝም።

እናኑ ከአራት ልጃገረዶች ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ለጥምቀት ይዛቸው መጥታ አራቱም እኔ ቤት በልተዋል፣ ጠጥተዋል። እንግዲህ አራቱም ሞቱ ስትለኝ ሌላ ምን ልገምት? አንድ ቀረኝ ያለችውም ራሷን መሰለኝ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፣ ቆሎ ቋጠርኩ፣ በማግስቱ ሳይረፍድ ተነሣሁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ከከረጢቴ ግርጌ ያችን የሞተች ባትሪዬንም ከተትኳት። እናኑን ምን እንደምትማር ስጠይቃት «ባትሪ ነው እምዬ፣ ባትሪ እንሠራለን» ብላኝ ነበር። በኛ አገር ባትሪ ማለት ሲመሽ እያበራን የምንሄድበት፣ ጅብ የምናባርርበት ነው። ከሐዘኑ ስትጽናና ታይልኛለች ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ እስከ ሐሙሲት በባጃጅ ሆነ። እንዴት እንደሚያንገጫግጭ ታውቁታላችሁ፤ ፍል ውሃው የሰጠኝን ጉልበት ባጃጁ መልሶ ወሰደው። ከሐሙሲት ወረታ በሚኒባስ ሄድኩ። ነጠላዬን ያየ ሁሉ «እግዜር ያጥናዎ» ይለኛል። አንዱ ጎልማሳ ከፊት ወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጠኝ፤ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ደግሞ ሙሉ እስር ሽንኩርት እቅፌ ላይ ጣለችልኝ። «ለለቅሶው ወጥ ይሆናል» አለች። ፎገራ ሜዳው ሩዝ ለብሶ ጠፍጣፋ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የለውም። ወረታ ላይ የበላሁት እንጀራም ሩዝ የተቀላቀለበት ነው። ነጭ ነው፣ ያምራል፤ የኛን የዳጉሳ እንጀራ ለለመደ ሆድ ግን ሳይደርስ ያልቃል።

ከወረታ ወደ ላይ የሚወጣው ሌላ መኪና ነው። ዓለም በርን አልፈን አመድ በር ልንገባ ስንል ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ወርዶ ዞር ዞር ብሎ አየና ራሱን አከከ።

«መለዋወጫ የለህም እንዴ፣ ልጄ?» አልኩት።

«አለኝ፣ እማማ። እሱ ራሱ ግን ተለዋጭ ይፈልጋል።»

ሰው ስቆ ተበተነ፤ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ ጉልበት ያለው በእግሩ ሄደ። ፀሐይ እየዘቀዘቀች ነው። እኔም ጭስ ወደሚታየኝ ቤት ሄጄ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» አልኩ።

«ቤት የእግዚአብሔር!» አለ የወንድ ድምፅ፤ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቅ።

አያ ሙጬ ይባላሉ፤ ባለቤታቸው አንጓች። ስገባ ደነገጥኩ። ቤቱ ሙሉ ነው። ልጃቸው አራስ ናት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች፤ አራሷን ሊጠይቁ የመጡ ሁለት አክስቶች መደቡን ይዘውታል፤ ከወዲህ ጥጃ ታስሯል። «ኧረ እኔ ሌላ ቤት…» ስል አንጓች ከረጢቴን ነጠቁኝ። አክስቶቹ ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ፣ አያ ሙጬ የሱፍ ብርድ ልብስ ባናቸውን ይዘው ከጥጃው ጎን ወረዱ፣ ጥጃውም ጠጋ አለ። እንዴት እንደሆነ እንጃ ለእኔም መኝታ ተገኘልኝ። የኛ ቤት ከዚያ ሁለት እጥፍ ይሰፋል፤ እንዲህ ሲዘረጋ ግን አይቼው አላውቅም።

አንጓች የነጠላዬን ነገር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አራት! በአንድ ጊዜ! ስማቸው ማን ማን ይባላል?» አሉና የነገርኳቸውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ አለቀሱላቸው። አይተዋቸው ለማያውቁት ልጆች! አክስቶቹም አገዟቸው። እኔ ራሴ እንደዚያ አላለቀስኩም። ሲነጋ አንድ ቁና የሚሆን ድንች በጆንያ አድርገው «ለቅሶ ቤት እህል ይጠፋል» ብለው አሸከሙኝ።

ሁለተኛው ቀን። ደብረ ታቦር የገባሁት ገብስ በጫነ አይሱዙ ነው፣ ከሹፌሩ ጎን። ከጉና የሚመጣው ብርድ እኛ የምናውቀው ብርድ አይደለም፤ ፀሐይ እየሞቃችሁ ጀርባችሁን ይነክሳችኋል። ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ሲሄድ ታያላችሁ። መንገድ ስጠይቅ ግን ቤቱ ድረስ እጄን ይዞ የሚወስደኝ አላጣሁም።

ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ከግቢው በር ስደርስ ድንቼን አስቀመጥኩና «ወዮ ልጆቼ! ወዮ እሸቶቼ!» ብዬ ጀመርኩ። በሩ ብርግድ አለ። የወጡት አራቱ ሟቾች ናቸው። አንዷ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ አለ፣ አንዷ ፀጉሯ የሳሙና አረፋ እንደደፈቀ ነው።

እናኑ ከኋላቸው እየሮጠች ወጣች። «እምዬ! ማን ሞተ?»

«እኔ ነኝ እንጂ ማን ሞተ የምለው! አራቱም ሞቱብኝ ያልሽኝ አንቺ!»

አራቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ «ባትሪዎቼ ናቸው» አለች።

ልጃገረዶቹ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ባለብሩሿ ግድግዳ ተደግፋ «እማማ፣ ለእኔ ስንት ስንኝ አወጡልኝ?» አለችኝ። እኔም ከድንጋጤዬ ስመለስ ሳቅሁ። እናኑ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ስልኳንም ቻርጅ ሳታደርገው እንደከረመች አየሁ። ፊቷ ከሲታ ሆኗል። ነጠላዬን ላቃናው እጄን የሰደድኩትን መለስኩት። የሐዘንን መጠን የሚያውቀው ያዘነው ነው። «እንግዲህ ለቅሶ መጥቻለሁ፤ ሠልስት ሳይወጣ አልሄድም» አልኳት።

ድንቹን ቀቅለን፣ ሽንኩርቱን ከትፈን በላን። ከዚያ ባትሪዬን ከከረጢቴ አወጣኋት። «ይችንም እግረ መንገድሽን…»

እናኑ ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። «እምዬ፣ እኛ የምንሠራው ባትሪውን አይደለም። ድንጋዩን ነው።»

«ድንጋይ ትፈልጫለሽ?»

«የባትሪውን ድንጋይ! ውስጡ የሚገባውን።»

ስንት ዘመን ሙሉ የባትሪ ድንጋይ እንላለን፤ የሚሠራው ሰው አለ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እንደ ድንጋይ ከመሬት የሚገኝ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሥራ ቤቷ ወሰደችኝ። አለቃዋ መምህር ቶሌራ ይባላል፣ አገሩ ወለጋ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ነው። እኛ አንቱ የምንለውን እሱ እርስዎ ይላል፤ መጀመሪያ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። ወንበሩን ለቀቀልኝና እሱ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ስልክዎ ውስጥ ያለው ባትሪ ሊቲየም በሚባል ነገር ነው የሚሠራው» አለኝ። «ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ውድ ነው። እኛ የምንሞክረው በፖታሲየም ነው። ይኼ ሞልቷል። አመድ ውስጥ እንኳ አለ።»

«እኔም አመድ በር አድሬ መጣሁ!» አልኩት። ሳቀ።

«ችግሩ ፖታሲየም ወፍራም እንግዳ መሆኑ ነው። ባትሪው ሲሞላ ወደ ቤት ይገባል፤ ስንጠቀምበት ይወጣል። ሲገባ ቤቱ ያብጣል፣ ሲወጣ ቤቱ ይጨማደዳል። እንዲህ ሲደጋገም ግድግዳው ይሰነጠቃል። እናኑ የምትሠራው ያንን ቤት ነው፤ እንግዳ ቢመላለስበት የማይፈርስ።»

እናኑ አንድ ብልቃጥ አሳየችኝ፤ ጥቁር ዱቄት ነው። ኩል መስሎኝ «ዓይን ይኳሉበታል?» ስላት ከኩል ድንጋይ የሚወጣ ብረት እንዳለበት ነገረችኝ። ያንን ከማንኛውም ኩል እልፍ ጊዜ አድቅቃ በከሰል ትጠቀልለዋለች። ከሰሉም የገብስ ገለባ ነው፣ ከጋሳይ ያስመጣችው። እኛ ለከብት የምንሰጠውን፣ ከጭቃ ለውሰን የምንመርግበትን! ብረቱ ብዙ እንግዳ ያስገባል፤ ከሰሉ ደግሞ እንዳይበታተን ይይዘዋል። ይህን ዱቄት በመዳብ ቅጠል ላይ ትቀባና የድሮ ሃምሳ ሳንቲም በምታክል ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ትዘጋዋለች። ባትሪ የምትለው ያችን ነው።

«አራቱን አጥብቄ ነበር የጠቀለልኳቸው» አለች። «አምስተኛውን ላላ አድርጌ፣ ከብረቱና ከከሰሉ መሃል ክፍት ቦታ ትቼ።»

«ጓዳ ተውሽለታ።»

«አዎ። ግን እንጃ…»

አምስተኛው ግድግዳው ጥግ ካለ ማሽን ላይ ነው፤ ማሽኑ ይሞላዋል፣ ያጎድለዋል፣ ደግሞ ይሞላዋል። የፊተኞቹ ከሞቱበት ዙር አልፎ ሌላ ሠላሳ ዙር ከቆየ መምህራኑ ሥራዋን ይቀበሉላታል። ከሞተ ግን የተሰጣት ጊዜ አልቋል፣ ብረቱም አልቋል፤ ስንት ዓመት የለፋችበት ትምህርት ሳይጠናቀቅ ከረጢቷን ይዛ ትመለሳለች። እናኑ ይህን ስትነግረኝ ማሽኑን እንጂ እኔን አታይም ነበር።

እኔ ለቅሶ የመጣሁ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚጠየቀውን ጠየቅኋት። «እነዚያ አራቱ በምን ሞቱ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ሕመማቸው ምን ነበር?»

«አልከፈትኳቸውም፣ እምዬ።»

መምህር ቶሌራ ከካርቶኑ ላይ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «እኔም ክፈቻቸው እያልኩ ስለምናት ነው የከረምኩት!»

እናኑ ጣቶቿን አፍተለተለች። «ጥፋቱ የእጄ ቢሆንስ?» አለች። «ስዘጋቸው እርጥበት አስገብቼባቸው ቢሆንስ? አምስተኛውንም የዘጋሁት በዚሁ እጄ ነው።»

ፍርሃቷ ገባኝ። የመጀመሪያ ልጄ ሲሞትብኝ እኔም ምን ሆኖ እንደሞተ ልጠይቅ ፈርቼ ነበር። ያልጠየቁት ነገር ግን አያስተኛም። እጇን ይዤ «አብሬሽ ነኝ፤ እንያቸው» አልኳት። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

የሚከፈቱት መስታወት ሳጥን ውስጥ ነው፤ አየር አይገባበትም። ከሳጥኑ ረጃጅም ጓንት ተሰፍቶበታል፣ እጇን እስከ ክርኗ ትከታለች። ላም ስትወልድ ጥጃ የሚስብ ሰው ትመስላለች። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ በመቆንጠጫ ላጠችው። መዳቡ ባዶውን ያበራል፤ ጥቁሩ ልስን ተፈርፍሮ ወድቋል። ክረምት ምርጊቱን የጣለበት ግድግዳ በሉት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም።

መምህር ቶሌራ ጎንበስ ብሎ አየና አሰበ። «አራቱም አንድ ዓይነት ሞት ነው የሞቱት። መዘጊያቸው ደህና ነው፣ እርጥበት የገባበት ምልክት አይታይም። እጅሽ ንጹሕ ነው፣ እናኑ። የጠበባቸው ቤቱ ነው።»

እናኑ እጇን ከጓንቱ ሳታወጣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። የመጣሁበት ለቅሶ ያን ጊዜ ደረሰ። ጀርባዋን እየዳበስኩ ቆየሁ፤ መምህሩም የሚፈልገው ነገር ያለ መስሎ ወጣ።

ሦስተኛው የለቅሶ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቀጥ አለ። እናኑ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ መምህሩ፣ መምህሩ ወደ መስኮቱ። ከጓሮ ጄኔሬተሩ ተንተከተከና ቁጥሩ ተመልሶ መጣ፤ ካቆመበት ቀጠለ። መምህር ቶሌራ ላቡን ጠርጎ «እማማ፣ እኛም እንደ ባትሪው ነን፤ ሞልተን ነው የምንጎድለው» አለኝ። ያን ቀን ወደ ማታ አምስተኛው የፊተኞቹ የሞቱበትን ዙር አለፈ። ማንም እልል አላለም። ሠላሳው ዙር ይቀራል።

ሠልስት ወጣ። አምስተኛው ቀን ነው፣ የሚመለሰው መኪና ተገኝቷል። «ነጠላዎን አያቃኑም?» አለችኝ እናኑ ስትሸኘኝ።

«አንቺ ስትደውይ።»

አመድ በር ላይ ሹፌሩን ለምኜ ወረድኩ። የሰውን እንባና ድንች በልቼ ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ስጣራ አያ ሙጬ «ቤት የእግዚአብሔር!» አሉ፤ ሲያዩኝ ደግሞ «ኧረ ይግቡ! ልጅቱ እንደምን ሆነች?» አሉኝ።

መደቡ ላይ አስቀምጠውኝ፣ ጠላ በጣሳ ከሰጡኝ በኋላ ነገርኳቸው። አራቱም ልጆች ደህና ናቸው፤ የሞቱት ባትሪዎች ናቸው።  አንጓች ምንቸቱን እንደያዙ ቀሩ።

«ባትሪ?» አሉ። «በየስማቸው እየጠራሁ ያለቀስኩት ለባትሪ ነው? እንባዬን ይመልሱልኝ!»

አያ ሙጬ ተነሥተው ከቆጡ ላይ ሁለት የዛገ የባትሪ ድንጋይ አወረዱና ፊታችን አስቀመጡ። «አንጓች፣ ለቅሶውን አታቋርጪ። እኛም ቤት ሁለት ያልተለቀሰለት ሬሳ አለ።»

አራሷ ከመጋረጃው ወዲያ ስትስቅ ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ስቀን ስንጨርስ ግን ስለ ወፍራሙ እንግዳ፣ ስለሚሰነጠቀው ቤትና ስለ እናኑ ነገርኳቸው። ከሰሉ የገብስ ገለባ ነው ስላቸው አያ ሙጬ ቅር አላቸው። «ከጋሳይ? የጋሳይ ገለባ ከአመድ በር ገለባ በምን በለጠ?»

ይህን እያሉ ስልኬ ጮኸ። ቤቱ ውስጥ ድምፁ ስለሚቆራረጥ ወጥቼ የገለባው ክምር ሥር ቆምኩ። አንጓች ተከትለውኝ ወጡ፤ አያ ሙጬም፣ አክስቶቹም።

«እምዬ፣ ይሰማዎታል?»

«እንግዳው ገብቶ ወጣ ወይ?» አልኳት። ሌላ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅም።

«ገብቶ ወጣ። ሠላሳውን ዙር አለፈ፣ እምዬ፣ አሁንም እየገባ እየወጣ ነው። መምህሩ መጥቶ አየው። አልፈረሰም። ቤቱ አልፈረሰም!»

ወደ ሰዎቹ ዞሬ «ተረፈ!» አልኩ። እልልታውን የጀመሩት አንጓች ናቸው። ከቀናት በፊት ለባትሪ ያለቀሱት ሴት፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ለባትሪ እልል አሉ። አክስቶቹ ተቀበሏቸው፣ አራሷ ከውስጥ ደገመችው። እናኑ በስልኩ «ምንድን ነው፣ ሠርግ ላይ ነዎት?» ትለኛለች። አያ ሙጬ ስልኩን ተቀብለውኝ «ልጄ፣ ለስድስተኛው ገለባ ከእኔ ውሰጂ!» ብለው ጮሁባት።

ያን ጊዜ፣ እዚያው ክምሩ ሥር፣ ነጠላዬን አቃናሁ።